የሞተር ስቶፕና ፍሬቻ ወደ ኤልኢዲ መቀየር፦ ከሽቦ ልየታ እስከ ውሃ ፍተሻ

ኤልኢዲ ገዝተው ሞተራቸው ላይ ያሰሩ ሰዎች የሚያነሱት ቅሬታ ተመሳሳይ ነው። ፍሬቻው ከልክ በላይ ይጣደፋል። ወይም በርቶ ቀጥ ይላል እንጂ ብልጭ ድርግም አይልም። ግራ ሲያሳዩ አራቱም ፍሬቻ ይበራል። ስቶፑ ደግሞ ትንሽ ከሠራ በኋላ የመጀመሪያው ዝናብ ሲመታው ይጠፋል። ከዚያ «ዕቃው ፎርጅድ ነው» ይባልና ሌላ ይገዛል። አዲሱም ያንኑ ያደርጋል።

ዕቃው ብዙ ጊዜ ጤነኛ ነው። ሞተሩ ግን የተሠራው ለአምፖል ነው። ፍላሸሩ፣ ማለትም ፍሬቻውን ብልጭ ድርግም የሚያደርገው ዕቃ፣ የአምፖል ጭነት (አምፖሉ የሚስበውን ኃይል) ይጠብቃል። የዳሽቦርዱ የፍሬቻ ጠቋሚም በብዙ ሞተሮች ላይ ኔጌቲቭ የሚያገኘው በአምፖሎቹ በኩል ነው። መብራቱን ብቻ ቀይሮ እነዚህን ሁለቱን የተወ ሰው ተመልሶ ጋራዥ ይሄዳል። ሦስተኛው ጣጣ የኔጌቲቭ ሽቦ ነው። ክረምት ላይ የሚጠፋ መብራት አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ እዚያ ነው።

ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ስትወርዱ፣ ወይም በሐምሌ ጭጋግ ከደብረ ማርቆስ ስትወጡ፣ ከኋላ የሚመጣው የጭነት መኪና ሹፌር የሚያየው ይህንኑ መብራት ነው። ስለዚህ አንድም ደረጃ አትዝለሉ። ግማሽ ቀን መድቡ። ደረቅ ቦታና የቀን ብርሃን ያስፈልጋችኋል።

ሞተሩን ሳትፈትሹ ዕቃ አትግዙ

ሀ. ሞተሩን ሳታስነሱ ቁልፉን ብቻ ክፈቱና የማታ መብራቱን አብሩ። የኋላው መብራት ከበራ ኃይሉን የሚያገኘው ከባትሪ ነው፣ ችግር የለም። ሞተሩ ሲነሳ ብቻ የሚበራ ከሆነ፣ ነዳጅ ስትሰጡም ድምቀቱ ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ ግን መስመሩ ሞተሩ ሲዞር ኃይል ከሚያመነጨው ከማግኔቶው ኮይል በቀጥታ ይመጣል ማለት ነው። እዚያ ላይ ያለው ኤሲ (አቅጣጫው የሚቀያየር ኃይል) ነው፣ ከባትሪ የሚመጣው ግን ዲሲ ነው። ኤልኢዲ በኤሲ መስመር ላይ ይንቀጠቀጣል፣ ዕድሜውም ያጥራል። መፍትሔው ደረጃ 4 ላይ አለ።

ለ. ባትሪውን በቴስተር ለኩ። ያደረ ጤነኛ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ከ12.4 እስከ 12.8 ቮልት ያሳያል። ሞተሩን አስነሱና ነዳጁን መካከለኛ ላይ ያዙት። አሁን ከ13.5 እስከ 14.5 መካከል መሆን አለበት። ከ15 ካለፈ ቮልቱን የሚቆጣጠረው ሬጉሌተር ተበላሽቷል። እዚህ ላይ የምታስሩት ኤልኢዲ ይቃጠላል። መጀመሪያ ሬጉሌተሩን አስቀይሩ። የድሮ ሞተር ከሆነና ባትሪው ባለ 6 ቮልት ከሆነ ደግሞ ይህ መመሪያ አያገለግላችሁም።

ሐ. ፍላሸሩን ፈልጉ። ፍሬቻ አብሩና ቀጭ ቀጭ የሚለውን ድምፅ በጆሮ ተከተሉ። ብዙ ጊዜ ከመቀመጫው ሥር፣ ከጎን ሽፋኑ ውስጥ ወይም ከፊት መብራቱ ጀርባ ነው። እግሩ 2 ነው ወይስ 3? ፎቶ አንሱትና ሱቅ ስትሄዱ አሳዩ።

ምን ይገዛል?

ለፍሬቻ ብርቱካናማ፣ ለኋላ ቀይ ግዙ። ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ቀለም የሚቀያይር የሚባለውን ተዉት። ከኋላ ያለው ሹፌር ምን ልትሉት እንደፈለጋችሁ አይገባውም። ሽፋኑ የጠቆረ ፍሬቻም አልመክርም። ማታ ያምራል፤ እኩለ ቀን ላይ ግን ፀሐይ ይውጠዋል። ሻጩ በባትሪ አብርቶ ደጅ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ። ሠላሳ እርምጃ ያህል ራቁና ተመልከቱ። በፀሐይ ካልታያችሁ አትውሰዱት።

የኋላው በሁለት መልክ ይገኛል። አንደኛው አሮጌው አምፖል ሶኬት ላይ የሚገባ ኤልኢዲ አምፖል ነው። ሁለተኛው ከነቤቱ ሙሉውን የሚቀየረው ነው። አምፖሉን ብቻ የምትቀይሩ ከሆነ ባለ ሁለት ድምቀት መሆኑን አረጋግጡ። ብዙ ሞተር ላይ አሮጌው 21 እና 5 ዋት ነው። 5ቱ ለማታ፣ 21ዱ ለስቶፕ። ሽፋኑ ቀይ ከሆነ ቀይ ኤልኢዲ ይሻላል፣ ነጩ ቀዩን ፕላስቲክ ሲያልፍ ድምቀቱ በጣም ይቀንሳል። ግን ሽፋኑን ከሥር እዩት። ታርጋውን የሚያበራ ነጭ መስኮት ካለው፣ ቀይ ኤልኢዲ ታርጋውን ቀይ ያደርገዋል። ያኔ ትንሽ ነጭ የታርጋ መብራት ለብቻው ጨምሩ።

ኤልኢዲ ፍላሸሩን ከመብራቱ ጋር በአንድ ቀን ግዙ። ይህ የምሬን ነው። ባሕር ዳር ወይም ደብረ ማርቆስ ሄዶ መብራት ብቻ ገዝቶ ሞጣ ወይም ቢቸና የገባ ሰው፣ ለአንዲት ፍላሸር ያን ሁሉ መንገድ ይመለሳል።

ሌላው የሚያስፈልገው ይህ ነው፦

ቴስተር፣ ካቻቢቴ፣ የ8፣ የ10፣ የ12 እና የ14 ቁልፍ፣ ሽቦ መላጫ፣ ካፖኮርዳ (የሽቦ ጫፍ ማያያዣ) መጭመቂያ ፒንሳ፤

ከ0.5 እስከ 0.75 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ የመኪና ሽቦ ሁለት ሦስት ሜትር (የቤት መስመር ነጠላ ደረቅ ሽቦ አይሆንም፣ በንዝረት ይሰበራል)፤

ካፖኮርዳ፣ ሲሞቅ የሚጠብቅ የፕላስቲክ ቱቦ፣ ናስትሮ፣ የፕላስቲክ ማሰሪያ፤

1ኤን4007 የሚባል ዳዮድ (ኃይልን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ትንሽ ዕቃ) ሁለት፤ ሬዲዮና ቴሌቪዥን የሚጠግኑ ሰዎች ጋ አይጠፋም፤

የ5 አምፔር ፊውዝ ከነቤቱ፤

አንድ አሮጌ አምፖል፣ ሁለት ሽቦ የተያያዘበት፣ ለመፈተሻ።

ደረጃ 1፦ አሮጌዎቹ አምፖሎች እንዳሉ ሽቦዎቹን ለዩ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። መጀመሪያ ይቆርጣል፣ ከዚያ የትኛው የት እንደነበር ይጠፋዋል። ምንም ነገር ሳትነቅሉ ጀምሩ።

«ጥቁር ሁልጊዜ ኔጌቲቭ ነው» የሚለውን እርሱት። በሆንዳ ኔጌቲቩ አረንጓዴ ነው፤ ጥቁሩ ቁልፍ ሲከፈት ኃይል የሚሸከም ፖዘቲቭ ነው። በያማሃ ጥቁሩ ኔጌቲቭ ነው። በሱዙኪ ኔጌቲቩ ነጭ መስመር ያለበት ጥቁር ሲሆን፣ ባዶው ጥቁር የግራ ፍሬቻ ነው። አንዱን በሌላው ሒሳብ ያሰረ ሰው ፊውዝ ያቃጥላል። ከእጅ ወደ እጅ የዞረ ሞተር ከሆነ ደግሞ የፋብሪካው ቀለም ራሱ ላይኖር ይችላል። ማመን ያለባችሁ ቴስተሩን ነው።

1. መቀመጫውንና የኋላ ሽፋኑን አንሱ። ወደ ኋላ መብራቱ የሚሄዱትን ሶኬቶች ከሁለት አቅጣጫ ፎቶ አንሱ።

2. ቴስተሩን ዲሲ ቮልት ላይ አድርጉ። ጥቁሩን መንኪያ የባትሪው ኔጌቲቭ ላይ ያዙ። ቀዩን በሶኬቱ ጀርባ በኩል ከሽቦው ጫፍ ጋር አነካኩ። ሽቦውን በመርፌ አትውጉ። የተወጋው ቀዳዳ ክረምት ላይ ውሃ ያስገባል።

3. ግራ ፍሬቻ አብሩ። ከዜሮ ወደ 12 አካባቢ እየዘለለ የሚመለሰው የግራ ነው። በቀኝም እንዲሁ አድርጉ። በዚህ ጊዜ አምፖሉን አትንቀሉ። አሮጌው ፍላሸር ጭነት ካጣ መዝለሉን ያቆምና ያሳስታችኋል።

4. ፍሬን ያዙ። ፍሬን ሲያዝ ብቻ 12 የሚያሳየው የስቶፕ ነው። በእጅም በእግርም ሞክሩ። ከሁለቱ አንዱ ካልሠራ የፍሬኑ ስዊች ተበላሽቷል፣ አሁኑኑ አስተካክሉት። አለዚያ በኋላ ጥፋቱን ኤልኢዲው ላይ ታላክካላችሁ።

5. የማታ መብራት አብሩ። አሁን ኃይል ያገኘው የማታው ነው።

6. ለኔጌቲቩ ቀዩን መንኪያ የባትሪው ፖዘቲቭ ላይ አድርጉና በጥቁሩ የምትጠረጥሩትን ሽቦ ንኩ። 12 ካሳየ ኔጌቲቭ ሊሆን ይችላል። «ሊሆን ይችላል» ያልኩት በምክንያት ነው። የፍሬቻና የስቶፕ ሽቦም ሲጠፋ በአምፖሉ ክር በኩል ከኔጌቲቭ ጋር ስለሚገናኝ ተመሳሳይ ንባብ ይሰጣል። አሁን የፊቶቹንም የኋላዎቹንም አምፖሎች ሁሉ አውጡና ድገሙት። አምፖል ወጥቶም 12 የሚያሳየው እውነተኛው ኔጌቲቭ ነው።

7. እያንዳንዱ ሽቦ ላይ ናስትሮ ጠቅልሉና በእስክሪብቶ «ግ»፣ «ቀ»፣ «ስ»፣ «ማ»፣ «ኔ» ብላችሁ ጻፉ። ከሶኬቱ አምስት ሳንቲ ሜትር ራቅ አድርጋችሁ፣ ስትቆርጡ ምልክቱ በሞተሩ በኩል እንዲቀር።

ደረጃ 2፦ ባትሪ ንቀሉ፣ አሮጌውን አውርዱ

መጀመሪያ የሚነቀለው ኔጌቲቩ ነው፣ ቀጥሎ ፖዘቲቩ። በተቃራኒው ከጀመራችሁ ቁልፋችሁ ፖዘቲቩን እየፈታ የሞተሩን ብረት ቢነካ ኮንታክት ይፈጥራል። ስትመልሱ ፖዘቲቩን አስቀድሙ፣ ኔጌቲቩን በመጨረሻ።

የፓራፋንጎው ዳዶዎች ጭቃና ዝገት ይዟቸው እምቢ ካሉ አታስጨንቋቸው። ዘይት አንጠባጥቡና ሩብ ሰዓት ጠብቁ። በኃይል የተጠመዘዘ ብሎን ፕላስቲኩን ይሰነጥቃል። አሮጌው ሶኬት ጤነኛ ከሆነ ሽቦውን ከመብራቱ በኩል ቁረጡና ሶኬቱን ለአዲሱ ተጠቀሙበት። የሞተሩን ዋና መስመር አትንኩ።

ደረጃ 3፦ አዲሱን መብራት ከመታሰሩ በፊት መሬት ላይ ፈትሹ

ከባትሪው ፖዘቲቭ በ5 አምፔር ፊውዝ በኩል አንድ ሽቦ፣ ከኔጌቲቭ አንድ ሽቦ አውጡ።

ከኋላው መብራት ብዙ ጊዜ ሦስት ሽቦ ይወጣል። ጥቁሩን ኔጌቲቭ ላይ አድርጉና ሌሎቹን ተራ በተራ ፖዘቲቩን አስነኩ። ፈዘዝ ብሎ የሚበራው የማታው፣ ደምቆ የሚበራው የስቶፑ ነው። ሁለቱንም አንድ ላይ ስታስነኩ የስቶፑ ድምቀት መቆየት አለበት። ምንም ካልበራ ሌላውን ሽቦ ኔጌቲቭ አድርጋችሁ ሞክሩ። አብዛኛው ኤልኢዲ በተገላቢጦሽ ሲታሰር አይበራም እንጂ ወዲያው አይበላሽም። የማታውና የስቶፑ ድምቀት ልዩነቱ ከሩቅ የማይታይ ከሆነ መልሱት። ፍሬን መያዛችሁን የማይናገር ስቶፕ አደገኛ ነው።

ፍሬቻዎቹን አንድ በአንድ አብሩ። እያበራችሁ ሽቦውን ከአንገቱ አካባቢ ቀስ አድርጋችሁ አወዛውዙ። ከተንቀጠቀጠ ውስጡ የተላቀቀ ነገር አለ። ይህን ቤት ካላገኛችሁት መንገድ ላይ ያገኛችኋል።

ደረጃ 4፦ የኋላውን መብራት እሰሩ

የብሎኑን ሥራ ታውቁታላችሁ። ከብሎኑ ጋር የሚገባውን ትንሽ ጎማ ሁለቱም ወገን አድርጉ፣ በልክ አጥብቁ፣ አበቃ። ጊዜ የሚፈልገው መገጣጠሚያው ነው።

የቆየ ሞተር መቀመጫ ብታነሱ የምታዩት ይህ ነው። ሁለት ሽቦ በጣት ተጠማዞ፣ ናስትሮው ፀሐይና ዘይት አልስልሶት ተላቆ፣ መዳቡ አረንጓዴ ዱቄት ለብሷል። ስትነኩት አንዳንዱ ክር ተሰብሮ እጃችሁ ላይ ይቀራል። ያ ሽቦ በቴስተር 12 ቮልት ያሳያል፣ መብራት ግን አያበራም። ስለዚህ እንዲህ አድርጉ፦

1. የሚጠብቀውን ቱቦ መጀመሪያ ሽቦው ላይ አስገቡ። ብዙ ሰው ከጨመቀ በኋላ ነው የሚያስታውሰው።

2. ከእያንዳንዱ ሽቦ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ልባሱን ላጡ። መዳቡ ጠቁሮ ከሆነ የሚያበራ መዳብ እስክታገኙ ድረስ ወደ ኋላ ቁረጡ።

3. ካፖኮርዳውን አስገብታችሁ በመጭመቂያው ጨምቁ። በጥርስ ወይም በመዶሻ አይሆንም። ከዚያ ሽቦውን ጠንከር አድርጋችሁ ሳቡት። ከወጣ ድገሙት።

4. ቱቦውን መገጣጠሚያው ላይ ጎትቱና አሙቁት። ሦስቱን መገጣጠሚያ እኩል ቦታ ላይ አታድርጉ። አንዱ ሌላውን እንዳይነካ አበላልጧቸው።

በእርሳስ መበየድ አይከፋም፤ ነገር ግን እርሳሱ ያለቀበት ቦታ ላይ ሽቦው ደረቅ ይሆናል። ጠጠር መንገድ ላይ ሲንቀጠቀጥ ከዚያው ይበጠሳል። ከብየዳችሁ ሁለቱንም ወገን በማሰሪያ ያዙት።

ኔጌቲቩን ፓራፋንጎው ብሎን ላይ አሥራችሁ አትተዉ። ቀለም የተቀባ ብሎን፣ ዝገትና ጭቃ ጥሩ ኔጌቲቭ አይሰጡም። «ኔ» ብላችሁ ከጻፋችሁበት ሽቦ ጋር ብቻ አገናኙ።

የኋላ መብራታችሁ በኤሲ የሚሠራ ሆኖ ካገኛችሁት፣ አሮጌውን «ማ» ሽቦ ጫፉን በናስትሮ ሸፍናችሁ ተዉት። ከዚያ ቁልፍ ሲከፈት ብቻ ኃይል የሚያገኝ የባትሪ መስመር ፈልጉና በ5 አምፔር ፊውዝ በኩል ለማታው መብራት አዲስ ሽቦ ሳቡ። የስቶፑ መስመር ኃይል የሚያገኘው ከዚያው ስለሆነ፣ የፍሬኑ ስዊች ጋ ፍሬን ሳይያዝ 12 ያለበትን ሽቦ መጠቀም ትችላላችሁ። በዚህ አሠራር ቁልፉ እስከተከፈተ ድረስ የኋላው መብራት ቀንም ይበራል። ለጉም አገር ይህ ጥቅም ነው።

ደረጃ 5፦ ፍሬቻዎቹን ስቀሉ

የኋላዎቹ ሁለቱ ቢያንስ 18 ሳንቲ ሜትር፣ የፊቶቹ ቢያንስ 24 ሳንቲ ሜትር ይራራቁ። ዓለም አቀፉ የሞተር መብራት ደንብ የሚጠይቀው ይህንን ነው። ከዚያ ከጠበቡ ከሩቅ ግራና ቀኙ አይለይም። መብራቱ ውሃ ማስወጫ ቀዳዳ ካለው ወደ ታች ይሁን።

ሽቦው ከማርሚታው፣ ከካቴናውና ከጎማው ይራቅ። የኋላ ጎማ ጉድጓድ ሲመታ ወደ ላይ ይወጣልና ፓራፋንጎው ሥር ሽቦ አይንጠልጠል። የፊቱን ሽቦ ከማሰራችሁ በፊት መሪውን እስከ መጨረሻው ግራ፣ እስከ መጨረሻው ቀኝ አዙሩ። ከተወጠረ ልቀቁለት።

አንዳንድ ፍሬቻ አንድ ሽቦ ብቻ ነው ያለው። ኔጌቲቩን የሚያገኘው በብረት አንገቱ ነው። ፕላስቲክ ላይ ስትሰቅሉት አይበራም። ከብሎኑ ሥር ቀለበት ያለው ካፖኮርዳ አስገቡና ወደ «ኔ» ሽቦ ሳቡ።

ደረጃ 6፦ ፍላሸሩን ቀይሩ

አሮጌው ፍላሸር የሚዘለው በውስጡ በሚያልፈው ኃይል መጠን ነው። በአንድ ወገን ሁለት ባለ 10 ዋት አምፖል ሲበራ 1.7 አምፔር ገደማ ያልፋል። ኤልኢዲው የዚያን አንድ አሥረኛ ያህል ቢወስድ ነው። አንዳንዱ ፍላሸር ይህን «አምፖል ተቃጥሏል» ብሎ ይረዳውና ይጣደፋል። ሌላው ጭራሽ አይዘልም። የኤልኢዲ ፍላሸር ጭነት አይጠይቅም፣ በራሱ ሰዓት ይዘላል።

ባለ 2 እግር ከሆነ፦ አሮጌውን ነቅላችሁ አዲሱን ሰኩ። ከዘለለ ጨርሳችኋል። ዝም ካለ ሁለቱን ሽቦ አገላብጡ። የኤልኢዲው ፍላሸር የኃይል መግቢያና መውጫ ይለያል፣ አሮጌው ግን ግድ አልነበረውም።

ባለ 3 እግር ከሆነ፦ እግሮቹ አጠገብ የተጻፈውን ሳታነቡ አትሰኩ። ቅርጹ አንድ ሆኖ ቅደም ተከተሉ የሚለያይ ብዙ ነው። «ቢ» ወይም 49 የኃይል መግቢያ ነው። «ኤል» ወይም 49ኤ ወደ ፍሬቻ ስዊች የሚሄደው ነው። «ኢ» ወይም 31 ኔጌቲቭ ነው። ሶኬቱ ላይ ቁልፍ ከፍታችሁ በቴስተር ንኩ። ፍሬቻ ሳይበራም 12 የሚያሳየው «ቢ» ላይ ይገባል። የሞተሩ ሶኬት ሁለት ሽቦ ብቻ ካለው ሦስተኛውን ከ«ኔ» መስመር ሳቡለት። «ኢ»ን እና «ቢ»ን ካቀያየራችሁ ፍላሸሩ ሊቃጠል ይችላል፣ እዚህ ጋ አትቸኩሉ።

ፍጥነቱን ቁጠሩ። በ15 ሰከንድ ውስጥ ከ15 እስከ 30 ጊዜ መብራት አለበት።

ሬዚስተር ቢያስሩላችሁስ? ይሠራል። ከፍሬቻው ጎን ሆኖ እንደ አምፖል ኃይል ይበላል፣ ፍላሸሩም ይታለላል። ግን ይግላል። ፕላስቲክ ላይ ወይም ሽቦ ላይ የተኛ ሬዚስተር ያቀልጣል። ኃይል ለመቆጠብ ብላችሁ ኤልኢዲ ካሰራችሁ ደግሞ ትርጉም የለውም። ፍላሸር ፈጽሞ ካጣችሁ ብቻ፣ የሞተሩ ብረት ላይ በብሎን አሥራችሁ፣ ምንም ሳያስነኩት ተጠቀሙበት።

ደረጃ 7፦ አራቱም ፍሬቻ አብሮ የሚበራ ከሆነ

ዳሽቦርዳችሁን እዩ። ለግራና ለቀኝ ሁለት የተለያየ ጠቋሚ መብራት ካለ ይህን ደረጃ እለፉት። አንድ ብቻ ካለ ግን አንብቡት። ሰው ሁሉ ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ነው።

አንዱ ጠቋሚ አምፖል የታሰረው በግራውና በቀኙ መስመር መካከል ነው። የራሱ ኔጌቲቭ የለውም። ግራ ስታበሩ ኃይሉ በጠቋሚው አልፎ ወደ ቀኝ ይሄድና በቀኞቹ አምፖሎች በኩል ኔጌቲቭ ያገኛል። በዚያ የሚያልፈው ኃይል ትንሽ ስለሆነ ትልቁን አምፖል አያበራውም ነበር። ኤልኢዲ ግን ለመብራት ብዙ አይፈልግም። በዚያች ትንሽ ኃይል ቀኞቹም ይበራሉ።

ለማረጋገጥ ጠቋሚውን አምፖል ንቀሉት። ግራና ቀኙ ከተለየ ምክንያቱ ይኼው ነው። አንዳንዱ ነቅሎ ይተወዋል። አትተዉት፤ ፍሬቻችሁ በርቶ መቅረቱን የምታውቁት በእሱ ነው።

1. ባትሪውን ንቀሉ። ከጠቋሚው ሶኬት የሚወጡትን ሁለት ሽቦዎች ለዩና ቁረጡ።

2. ዳዮዱን በቅርብ እዩት። ጥቁር አካል ነው፣ በአንድ ጫፉ በኩል ነጣ ያለ ቀለበት አለው። ኃይል የሚያልፈው ወደ ቀለበቱ አቅጣጫ ብቻ ነው።

3. ከሞተሩ የሚመጣውን የግራ ሽቦ ከአንደኛው ዳዮድ ቀለበት ከሌለው ጫፍ ጋር አገናኙ። የቀኙን ሽቦ ከሁለተኛው ዳዮድ ቀለበት ከሌለው ጫፍ ጋር።

4. ቀለበት ያለባቸውን ሁለቱን ጫፎች አንድ ላይ አድርጋችሁ ወደ ሶኬቱ አንደኛ ሽቦ አስገቡ።

5. የሶኬቱን ሁለተኛ ሽቦ ከኔጌቲቭ መስመር ጋር አገናኙ።

6. እያንዳንዱን ዳዮድ ለብቻው በሚጠብቅ ቱቦ ሸፍኑ። ባዶ እግራቸው ከተነካካ ሥራው ሁሉ ከንቱ ነው።

ዳዮዱ 1 አምፔር ይችላል። ለጠቋሚ አምፖል በቂ ነው። እዚህ ጋ መበየድ ከካፖኮርዳ ይሻላል፣ እግሩ ቀጭን ስለሆነ። ጠቋሚው በአንዱ ወገን ብቻ የማይበራ ከሆነ የዚያ ወገን ዳዮድ ተገልብጧል። በግራ በርቶ በቀኝ ካልበራ የተገለበጠው የቀኙ ነው።

ደረጃ 8፦ ፍተሻ

ሽፋኑን ከመዝጋታችሁ በፊት፣ መጀመሪያ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ቀጥሎ ተነስቶ፣ ሁሉንም አብሩ። ማታ መብራት፣ በእጅ ፍሬን፣ በእግር ፍሬን፣ ግራ፣ ቀኝ። ከዚያ አንድ ላይ፦ ማታ መብራት በርቶ፣ ፍሬን ተይዞ፣ ፍሬቻ እየዘለለ። ስቶፑ ከፍሬቻው ጋር አብሮ የሚርገበገብ ከሆነ ኔጌቲቩ ደካማ ነው። ፍሬቻ እየበራ መሪውን ከዳር እስከ ዳር አዙሩ። ሰው መቀመጫው ላይ ተቀምጦ ወደ ታች ይጫን።

ቀጥሎ ውሃ። በኩባያ ሳይሆን በጆግ፣ ከላይም ከጎንም አፍስሱ። ሩብ ሰዓት ቆይታችሁ እንደገና አብሩ። በሽፋኑ ውስጥ ጠብታ ካያችሁ ክፈቱና አድርቁ፣ የጎማውን ጠርዝ በሲሊኮን አሽጉ፣ ከሥር ያለውን ቀዳዳ ግን አትድፈኑ። ወደ መብራቱ የሚገባው ሽቦ ከመግባቱ በፊት ትንሽ ወደ ታች ተንጠልጥሎ ይመለስ። ውሃው ከዚያ ይንጠባጠባል፣ ሽቦውን ተከትሎ አይገባም። ለእንጅባራ ክረምት ይህች ነገር ዋጋ አላት።

ሲያስቸግር

ፊውዝ ተቃጠለ፦ ትልቅ ፊውዝ አትተኩ። የትኛው ሲበራ እንደሚቃጠል ለዩ። ቀኝ ፍሬቻ ሲበራ ከሆነ የቀኝ ሽቦ የሆነ ቦታ ብረት ነክቷል፤ ብዙ ጊዜ ብሎኑ ሲጠብቅ የጨፈለቀው ቦታ ነው።

በቴስተር 12 አለ፣ መብራቱ ግን አይበራም፦ አሮጌውን አምፖል አውጡና በዚያው ሽቦና በ«ኔ» መካከል አድርጉት። እሱም ካልበራ ሽቦው ውስጡ ተበልቷል። ኔጌቲቩን በቀጥታ ከባትሪ አምጥታችሁ ሞክሩ። ከበራ ጥፋቱ የኔጌቲቩ መስመር ነው።

ሁሉም ጠፍቶ ኤልኢዲው ግን በጣም ፈዝዞ ይታያል፦ እርጥብ ሶኬት ወይም የቆሸሸ ስዊች ጥቂት ኃይል ያሳልፋል። ሶኬቱን አድርቁ፣ የፍሬኑን ስዊች አጽዱ።

አንዱ ፍሬቻ ብቻ አይበራም፦ ሁለቱን ሽቦ አገላብጡ። ከበራ የታሰረው በተገላቢጦሽ ነበር።

ስቶፑ ሁልጊዜ በርቶ ይቀራል፦ የእግር ፍሬኑ ስዊች ዳዶ ከልክ በላይ ተጠግቷል። ፔዳሉ ትንሽ ሲወርድ እንዲበራ አድርጋችሁ አስተካክሉት።

ቁልቁለት በማርሽ ብቻ ስትወርዱ ስቶፑ አይበራም። ይህ ብልሽት አይደለም፣ ስዊቹ የሚሠራው ፍሬን ስትነኩ ነው። ረጅም ቁልቁለት ላይ ከኋላ መኪና ካለ ፔዳሉን በየመሃሉ ስዊቹን እስኪያነሳ ድረስ ነካ አድርጉት።

ጠጠር መንገድ ላይ አንድ ሳምንት ከነዳችሁ በኋላ ዳዶዎቹን እንደገና አጥብቁ፣ ማሰሪያዎቹንም እዩ። የገበያ ቀን ኋላ ላይ ጆንያ ስትጭኑ ከጨረሳችሁ በኋላ አምስት እርምጃ ወደ ኋላ ሂዱና ሰው ፍሬን እንዲይዝላችሁ አድርጉ። ጆንያው ስቶፑን ወይም አንዱን ፍሬቻ ከጋረደ ወደ ፊት ገፋ አድርጋችሁ እንደገና እሰሩት።